የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የስፖርት ቡድኖች፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የማሪኮፓ ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን የሚመራው አስተዳደር እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2018 አንድ ከባድ ውሳኔ ይፋ አደረገ። በሥሩ የሚገኙት የስኮትስዴል፣ የግሌንዴል፣ የሜሳ እና የፊኒክስ ኮሌጆች የዚያን ዓመት የውድድር ጊዜ እንዳጠናቀቁ የፉትቦል ቡድኖቻቸውን እንዲያፈርሱ ተወሰነ። ፉትቦል ሲባል እኛ እግር ኳስ የምንለው ሳይሆን የራስ ቁር ተደፍቶ፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካውያን ጨዋታ ነው። አስተዳደሩ ያቀረበው ምክንያት የገንዘብ ነበር። አራቱን ቡድኖች ለማቆየት በዓመት ወደ 770 ሺህ ዶላር ያስፈልግ ነበር። ፉትቦል ከኮሌጆቹ አጠቃላይ የስፖርት ወጪ 20 በመቶውን ሲወስድ፣ ከስፖርት ጋር ከተያያዘው የመድን ክፍያ ደግሞ 90 በመቶው የሚከፈለው ለእርሱ ነበር።

ውሳኔው በአራቱ ኮሌጆች ብቻ አልቆመም። በዚያው ዓመት በቱሳን ከተማ የሚገኘውን ፒማ ኮሌጅ ጨምሮ ሌሎች የአሪዞና ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ፉትቦልን አቋረጡ፤ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው የአካባቢው ውድድርም አብሮ ከሰመ። የችግሩ ሥር ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። በ2015 የአሪዞና ግዛት ምክር ቤት ለማሪኮፓና ለፒማ ኮሌጆች ሲሰጥ የነበረውን የግዛት ድጎማ ወደ ዜሮ አውርዶት ነበር። የበጀቱ አንድ እግር ሲቆረጥ በሌሎቹ ላይ የሚቆመው ሸክም በየዓመቱ ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያለው ነው።

ጉዳዩን በአግባቡ ለመረዳት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምን እንደሆነ ማስታወስ ያሻል። በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በተከፈተው የጆሊየት ኮሌጅ የተጀመረው ይህ ዓይነት ተቋም የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል። መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍያውም ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሠራተኞች፣ ወላጆች፣ አዲስ መጤ ስደተኞችና ከፍተኛ ውጤት ያላመጡ ወጣቶች የሚማሩበት ደጅ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሲያትል አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን በመጀመሪያ የሚልኩት ወደዚህ ነው። በእነዚህ ኮሌጆች ውስጥ የኮሌጁን ስም ለብሰው ከሌሎች ኮሌጆች ጋር የሚወዳደሩ የቅርጫት ኳስ፣ የቤዝቦል፣ የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫና ሌሎች ቡድኖች አሉ።

ከእነዚህ ቡድኖች የወጡ ስሞችም ትንሽ አይደሉም። በቤዝቦል የዘር ግድግዳውን ያፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን በፓሳዲና የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተወዳድሯል። የፉትቦል ኮከቡ አሮን ሮጀርስ በካሊፎርኒያው ቡት ኮሌጅ፣ ካም ኒውተን በቴክሳሱ ብሊን ኮሌጅ፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ጂሚ በትለር ደግሞ በታይለር ኮሌጅ አልፈዋል። ከአንድ ሺህ በታች ነዋሪ ያላት የሚሲሲፒዋ ስኩባ ከተማ በዓለም ዙሪያ የታወቀችው በከተማዋ የሚገኘው የኢስት ሚሲሲፒ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቡድን ከ2016 ጀምሮ በኔትፍሊክስ ዘጋቢ ፊልም ስለቀረበ ነው። ዝናው ግን ሒሳቡን አይከፍልም።

የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የቴሌቪዥን ገንዘብን ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር ሥር የሚካሄደው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ውድድር የስርጭት መብት ብቻውን በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገኛል። ከዚህ ገንዘብ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚደርስ የለም። አብዛኞቹ የራሳቸው የተለየ ማኅበር አባላት ናቸው። ይህ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር በ1938 በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 500 የሚጠጉ ኮሌጆችን ያቅፋል። በአብዛኛው ጨዋታ የመግቢያ ትኬት ሽያጭ ዳኞችን ለመክፈል እንኳ አይበቃም፤ በብዙ ስፍራ መግቢያው በነፃ ነው።

ታዲያ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ እንደየግዛቱ ይለያያል። በካንሳስ እያንዳንዱ ኮሌጅ የሚገኝበት ካውንቲ ነዋሪ በቤቱና በመሬቱ ላይ የሚከፍለው ግብር ዋነኛው ምንጭ ነው። በሌሎች ግዛቶች የግዛቱ ድጎማ ይበልጣል። በየቦታው የተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አለ፤ በብዙ ኮሌጆችም እያንዳንዱ ተማሪ፣ ኳስ ይንካም አይንካ፣ በምዝገባ ጊዜ ለተማሪዎች እንቅስቃሴ ተብሎ የሚከፍለው አለ። ከዚህ ሌላ የአካባቢው ነጋዴዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበው የሚያዋጡት ገንዘብ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማልያና የጉዞ ምግብ የሚሸፍን ነው። ማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የምትከታተል የቤት ለቤት ተንከባካቢ የከፈለችው ገንዘብ የቤዝቦል ቡድኑን አውቶቡስ ነዳጅ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ክርክሩ የሚሞቀውም እዚህ ላይ ነው።

ወጪውን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ብሔራዊ ማኅበሩ ኮሌጆችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። በአንደኛው ምድብ ያለ ኮሌጅ ለስፖርተኛው የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ምግብንና መጻሕፍትን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይችላል። ሁለተኛው ምድብ የትምህርት ክፍያንና መጻሕፍትን ብቻ ይፈቅዳል፤ ማደሪያና ምግብ አይካተትም። ሦስተኛው ምድብ ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድልን ፈጽሞ ይከለክላል። አንደኛ ምድብ ያለ የፉትቦል ቡድን እስከ 85፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን ደግሞ እስከ 15 ተጫዋቾች ድረስ ዕድሉን መስጠት ይፈቀድለታል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው አቅም ያለው ብቻ ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ረገድ ለብቻዋ የቆመች ናት። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ኮሌጆቿ ከብሔራዊው ማኅበር ውጭ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ለስፖርት የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድልም በመላ ግዛቱ የተከለከለ ነው። አሠልጣኞች ተጫዋች የሚመለምሉትም ከራሳቸው የኮሌጅ ወረዳና ከአጎራባች ወረዳዎች ብቻ ነው። በሌላ በኩል ስፖርተኛው በውድድር ወቅት ቢያንስ 12 ክሬዲት መመዝገብ አለበት። ይህ ደንብ ለትምህርት ብቻ የወጣ ይመስላል፤ ለሒሳቡም ትልቅ ትርጉም አለው። የካሊፎርኒያ መንግሥት ለኮሌጆች ከሚሰጠው ገንዘብ አብዛኛው የሚሰላው በሙሉ ጊዜ ተማሪ ቁጥር ሲሆን፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ በትርፍ ጊዜ የሚማሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ስፖርተኛ በበጀት ቀመሩ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የማታ ተማሪዎችን ያህል ሊመዝን ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ በመላ አገሪቱ የተስፋፋ አንድ ስሌት አለ። ከ2010 ወዲህ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የተማሪ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሲያሽቆለቁል ቆይቷል፤ የኮሮና ወረርሽኝም አባባሰው። በተለይ በገጠር ያሉ ኮሌጆች ክፍሎቻቸውንና ማደሪያዎቻቸውን ለመሙላት ቡድን መጨመርን እንደ መፍትሔ ይዘውታል። «ቡድን ወጪ ሳይሆን ተማሪ ማምጫ ነው» የሚለው መከራከሪያ በየቦርዱ ስብሰባ ይሰማል። መከራከሪያው ትክክል ነው ወይ የሚለውን በአንድ ምሳሌ መፈተሽ ይቻላል።

አንድ ኮሌጅ 30 ተጫዋቾች ያሉት አዲስ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋመ እንበል። የዓመቱ የትምህርት ክፍያ ለአንድ ተማሪ 4 ሺህ ዶላር ቢሆን፣ ቡድኑ 120 ሺህ ዶላር አስገባ ማለት ነው። የአሠልጣኙና የረዳቱ ደመወዝ፣ አውቶቡሱ፣ ዳኞቹ፣ መድኑ፣ ማልያውና የሕክምና ባለሙያው በድምሩ 105 ሺህ ዶላር ቢወስዱ፣ 15 ሺህ ዶላር ይተርፋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ከ30ዎቹ ውስጥ አሥሩ እዚያው ከተማ ያደጉና ቡድን ኖረም አልኖረም በኮሌጁ የሚመዘገቡ ከሆኑ፣ ቡድኑ ያመጣው ገቢ የ20 ተማሪ፣ ማለትም 80 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ትርፉ ወደ 25 ሺህ ዶላር ኪሳራ ተለወጠ። ከቀሩት 20 ተማሪዎች አሥሩ የውድድሩ ወቅት እንዳበቃ ትምህርታቸውን አቋርጠው ቢሄዱ፣ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍያቸው ይቀራልና ሌላ 20 ሺህ ዶላር ይጎድላል።

በዚህ ላይ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያውን በነፃ የሰጠ እንደሆነ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮሌጁ ከራሱ ለራሱ ስለሚከፍል በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ወጪ ከኪስ የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ ተጨማሪው ተማሪ የሚያስከትለው ወጪ ትንሽ ነው፤ ድጎማው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ከሆነም ግዛቱ ይከፍላል። ማደሪያና ምግብ ግን እንደዚያ አይደለም። የሚበላው ምግብና የሚበራው መብራት የእውነት ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ምድብ ከአንደኛው የሚረክሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከኮሌጁ ካዝና ሳይወጣ የሚመጣ ሌላ ትልቅ ገንዘብም አለ። ይኸውም የፌዴራል መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠው፣ ተመልሶ የማይከፈለው የፔል ድጋፍ ነው። ከፍተኛው መጠን በ2024/25 የትምህርት ዘመን 7 ሺህ 395 ዶላር ነበር። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይህ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ይተርፋል። ብልህ አሠልጣኝ ተጫዋች ሲመለምል አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤተሰቡ የፔል ማመልከቻ መሞላቱን ነው፤ ከቡድኑ በጀት የሚወጣውን ገንዘብ ይቆጥብለታልና።

የካንሳስ ታሪክ የዚህን ስሌት ሌላ ገጽ ያሳያል። የግዛቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ስፖርት ጉባኤ ለረጅም ጊዜ አንድ የፉትቦል ቡድን ከሌላ ግዛት የሚያመጣቸውን ተጫዋቾች ቁጥር ሲገድብ ቆይቶ፣ በ2016 ገደቡን አነሣ። ከዚያ በኋላ ከፍሎሪዳ፣ ከጆርጂያና ከኒው ጀርሲ የመጡ ወጣቶች ቡድኖቹን ሞሉ። የጨዋታው ደረጃ ከፍ አለ፤ የማደሪያ ክፍሎችም ተያዙ። የካውንቲው ገበሬ ግን የቤቱ ግብር የሚያስተምረው የጎረቤቱን ልጅ ነው ወይስ ለአንድ ዓመት ተኩል መጥቶ የሚሄድን እንግዳ ብሎ መጠየቁ አልቀረም። ጥያቄው ከዘረኝነት የጸዳ ነው ሁልጊዜ ባይባልም፣ ከሒሳብ አንጻር ግን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ገንዘብ ሲያንስ በመጀመሪያ የሚጎዳው የማይታየው ነገር ነው። ማልያ ያልተሟላለት ቡድን ይታያል፤ በቂ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ የሌለው ቡድን ግን አደጋ እስኪደርስ አይታይም። በኦገስት 2018 በዚያው በካንሳስ ከኒው ጀርሲ የመጣ የ19 ዓመት ወጣት የመጀመሪያውን የአካል ብቃት ልምምድ ባደረገበት ምሽት በሙቀት ምክንያት በደረሰበት ሕመም ሕይወቱ አለፈ። ሙቀት የመታውን ስፖርተኛ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ሕይወት እንደሚያድን ከታወቀ ቆይቷል፤ የሚያስፈልገው ገንዳ፣ በረዶና ምልክቱን የሚለይ ሰው ነው። አንድ ኮሌጅ ቡድን ሲያቋቁም የእነዚህን ወጪ በበጀቱ ካላካተተ፣ ቡድኑ «ርካሽ» የተባለው በተጫዋቾቹ ሕይወት ነው።

ሌላው በጀቱን የሚቀርጽ ነገር ሕግ ነው። በ1972 የወጣውና በተለምዶ «ታይትል ናይን» የሚባለው የፌዴራል ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የትምህርት ተቋም በፆታ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም በዚሁ ይገዛሉ። ሕጉን ማክበር ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ የሴት ስፖርተኞች ድርሻ ከሴት ተማሪዎች ድርሻ ጋር መቀራረቡ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከግማሽ በላይ ተማሪዎች ሴቶች ናቸው። አንድ የፉትቦል ቡድን ብቻውን 80 ወይም 90 ወንዶችን ሲይዝ፣ ያን ለማመጣጠን ሦስትና አራት የሴቶች ቡድን ሊያስፈልግ ነው። ፉትቦልን የዘጉ ኮሌጆች ስለ መድን ሲናገሩ ቢሰማም፣ ይህ ሚዛን ከሒሳባቸው ውጭ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል። ሕጉ የማመጣጠን ሌሎች መንገዶችንም ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የሴቶችን ስፖርት በተከታታይ ሲያስፋፋ መቆየት ወይም የተማሪዎቹ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ መሟላቱን ማሳየት።

በ1994 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ወንዶችንም ሴቶችንም የሚያስተምሩ፣ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበሉና ቡድን ያላቸው ኮሌጆች በየዓመቱ የስፖርተኞቻቸውን ቁጥር፣ ገቢያቸውንና ወጪያቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሪፖርቱን የሚያገላብጥ ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። የብዙ ኮሌጆች ገቢና ወጪ እስከ መጨረሻዋ ዶላር እኩል ነው። ይህ የሆነው ቡድኖቹ ራሳቸውን ስለቻሉ አይደለም። ኮሌጁ ከጠቅላላ በጀቱ ለስፖርት የሚመድበው ድጎማ በሪፖርቱ ላይ እንደ «ገቢ» ስለሚመዘገብ ነው። ሪፖርቱን ብቻ አይቶ «ስፖርቱ አልከሰረም» የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ ወይ አላነበበውም፣ ወይ አንብቦ እንዳላነበበ ሆኗል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከላይ ያለው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት መናወጡ ታችኛውን ደረጃም እያናወጠ ነው። ከ2021 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች አንድ ዓመት ሳይቀጡ መዘዋወር ስለተፈቀደላቸው፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይልቅ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተፈተነ ተጫዋች መውሰድን መርጠዋል። በጁን 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ሲፈቅድ፣ ስምምነቱን በተቀበሉት ዘንድ የፉትቦል ቡድን አባላትን ቁጥር በ105 ገድቧል። ቦታ ያጡት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጥሩ ተጫዋች ይገኛል፤ ለአካባቢው ወጣት ግን ወንበሩ ይጠባል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ አንድ ክስም አለ። ዲያጎ ፓቪያ የተባለው የፉትቦል ተጫዋች በኒው ሜክሲኮ ወታደራዊ ተቋም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ በ2021 የብሔራዊ ሻምፒዮን ቡድን አባል ነበር። ኋላም በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት፣ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በሁለት ዓመት ኮሌጅ ያሳለፋቸውን ጊዜያት ከተፈቀደለት የመጫወቻ ዘመን ላይ መቀነሱን ተቃውሞ ከሰሰ። ክርክሩ የተመሠረተው በገንዘብ ላይ ነበር፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ የሚያገኘው ገቢ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚወዳደር ስላልሆነ እኩል ሊቆጠርበት አይገባም የሚል ነው። በዲሴምበር 2024 በናሽቪል የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጊዜው ፈረደለት፤ ማኅበሩም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የነበሩ ተጫዋቾች በ2025/26 አንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲጫወቱ ፈቀደ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለስፖርተኛው የማይቆጠር የመለማመጃ ዘመን ይሆናል ማለት ከሆነ፣ የምዝገባው ስሌት እንደገና ይለወጣል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳዩ ሁለት መልክ አለው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ መሰባሰብ ሄዶ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ወጣት የፔል ድጋፍ ሊያመለክት ይችላል፤ የግዛቱ ነዋሪ ሆኖ የሚጠበቅበትን ጊዜ ካሟላም የሚከፍለው የነዋሪውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ለእርሱ በኮሌጁ ቡድን መጫወት ተጨማሪ ጥቅም እንጂ የመማሩ መሠረት አይደለም። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሯጭ ግን ፔል አያገኝም፤ የሚጠየቀውም ከነዋሪው ከፍ ያለ ክፍያ ነው። የሥራ ፈቃዱም ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ለእርሱ በአንደኛ ምድብ ያለ ኮሌጅ የሚሰጠው ሙሉ ዕድልና በሦስተኛ ምድብ ያለ ኮሌጅ የሚሰጠው ቦታ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ግን «ኮሌጁ ተቀብሎሃል» በሚል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሊመጡ ይችላሉ።

በዚህ ምክንያት ደብዳቤው በእጅ ሲገባ መጠየቅ ያለበት ኮሌጁ በየትኛው ምድብ እንደሚወዳደር፣ ዕድሉ ማደሪያንና ምግብን ይጨምር እንደሆነ፣ ስፖርተኛው ቢጎዳ ለሁለተኛው ዓመት ይታደስ እንደሆነ፣ የጉዳት መድኑ ምን ያህል እንደሚሸፍንና ካለፈው ዓመት ቡድን ስንቱ ተመርቆ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንደተሻገረ ነው። ኮሌጁ ለስፖርት የሚያወጣው ገንዘብና የተጫዋቾቹ ቁጥር ደግሞ በ1994ቱ ሕግ መሠረት በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በየኮሌጁ ስም ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር ሆኖ ለማየት ክፍያም ሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም።